ሹመትና ድርሻ

ለበዓል ወደዚህ የመጡ ምእመናን ከአገልግሎቱ በኋላ በየጥላው ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ከምንሰማቸው ነገሮች አንዱ በየአጥቢያቸው ያለው የሥራ ጉዳይ ነው። አንዱ በአውሮፓ ስላለው ሰበካ ጉባኤው፣ ሌላው በዐረብ አገር ስላቋቋሙት እድር፣ ሌላዋ ደግሞ ስለ ጉዞ ኮሚቴያቸው ያነሣሉ። አገሩ ይለያይ እንጂ ቅሬታው አንድ ነው። «አባታችን፣ የተማረ ሰው አላጣንም፤ ሐኪም አለን፣ መሐንዲስ አለን፣ ሒሳብ ዐዋቂ አለን። ነገር ግን ስንነጋገር እናመሻለን እንጂ የጀመርነው አይፈጸምም» ይላሉ።

ይህ ቅሬታ ከስንፍና የመጣ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ባልጠፋ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ከአድካሚ ሥራቸው ወጥተው፣ የዕረፍት ቀናቸውን ሠውተው፣ በብርድና በሙቀት የሚሰበሰቡ ናቸው። መጨረሻው ግን ወይ እርስ በርስ መቀያየም ይሆናል፤ ወይም ከመካከላቸው አንዱ የሁሉንም ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ይቆይና አንድ ቀን «በቃኝ» ብሎ ይወጣል። እኛ እስከምናውቀው ድረስ በገንዘብ እጦት ከተዳከመው ማኅበር ይልቅ በዚህ መንገድ የተዳከመው ይበልጣል። ስለዚህ በዚህ ዕትም ስለ ሥራ ጉባኤ አባላት ድርሻ፣ የዘመኑ ጸሐፊዎች «ሚና» ስለሚሉት ነገር፣ ከእንግሊዝ አገር የተገኘውን ትምህርት ልንናገር ወደድን። ዘመኑንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ታሪኩ የእነርሱ ነውና።

ሬይመንድ ሜሬዲት ቤልቢን በ1926 የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የጥንት ቋንቋዎችን፣ ቀጥሎም የሥነ ልቡናን ትምህርት ተማረ፤ ለዶክትሬት ማዕርግ ያጠናውም በዕድሜ የገፉ ሠራተኞች በኢንዱስትሪ ውስጥ ስለሚኖራቸው ሁኔታ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ በሄንሊ ከተማ አጠገብ ወደሚገኝ የአስተዳደር ኮሌጅ ተጠራ። ወደዚህ ኮሌጅ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትም ከንግድ ድርጅትም የተውጣጡ ኀላፊዎች እየመጡ ይማሩ ነበር። ከትምህርታቸውም አንዱ የንግድ ጨዋታ ነው፤ ተማሪዎቹ በስምንት ቡድን ይከፈሉና እያንዳንዱ ቡድን በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ኩባንያ ያስተዳድራል፤ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ይበደራል፤ በመጨረሻም ማን እንዳተረፈና ማን እንደከሰረ ሒሳቡ ይወጣል።

ለቤልቢን ይህ ጨዋታ ትልቅ ዕድል ሆነለት። በእውነተኛ መሥሪያ ቤት አንድ ቡድን ቢሳካለት ከችሎታው ይሁን ከገበያው፣ ከአለቃው ይሁን ከጊዜው ለመለየት ያስቸግራል። በጨዋታው ግን ለሁሉም መነሻው አንድ ነው፣ ውጤቱም በቁጥር ይታወቃል። ስለዚህ እርሱና ባልደረቦቹ የተማሪዎቹን የአእምሮ ችሎታና ጠባይ አስቀድመው በፈተና ይለካሉ፤ ቡድኖቹን ሆን ብለው በተለያየ መንገድ ያዋቅራሉ፤ በየስብሰባውም ተቀምጠው ማን ምን እንደተናገረ ይመዘግባሉ። ይህን ሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቀጠሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ የሞከሩት ማናችንም ብንሆን የምንሞክረውን ነበር። በፈተናው እጅግ ብልህ ሆነው የተገኙትን ለቅመው በአንድ ቡድን ሰበሰቧቸው። በዚያን ጊዜ አሜሪካውያን ወደ ጨረቃ ይጓዙ ስለነበር ቡድኑን በጉዞው ስም «አፖሎ» አሉት። ያሸንፋል ተብሎ የተጠበቀው ይህ ቡድን መጨረሻ ሆኖ ተገኘ። ምናልባት ድንገት ይሆናል ብለው ደጋገሙት። በጠቅላላው 25 የአፖሎ ቡድኖች አዋቀሩ፤ ከእነዚህ ያሸነፉት 3 ብቻ ናቸው፤ ከስምንቱ መካከል ብዙ ጊዜ የሚይዙትም ስድስተኛውን ቦታ ነበር።

ምክንያቱ በመዝገቡ ላይ ታየ። ብልሆቹ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት አንዱ ሌላውን ለማሳመን በመከራከር ነበር። ሁሉም የሌላውን ሐሳብ ድካም ፈልጎ ለማግኘት የተካነ ነውና ማንም ማንንም አላሳመነም። ውሳኔ ሲወሰን እርስ በርሱ የሚጣረስ ይሆናል፤ አስቸኳይ የነበረው ጉዳይ ተረስቶ ይቀራል፤ አንዱ ሌላው የሚሠራውን ሳይጠይቅ የራሱን ይሠራል። ከተሸነፉም በኋላ መወቃቀስ ይከተላል። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም፤ ሁለት የቅኔ መምህራን በአንድ ማዕድ ከተቀመጡ፣ አንዱ በሌላው ቅኔ ስሕተት ሲፈልግ ወጡ ይቀዘቅዛል። የተሳካላቸው ጥቂት የአፖሎ ቡድኖች ግን በሌላው ላይ መግነን የሚወድ ሰው አልነበረባቸውም፤ ሰብሳቢያቸውም ራሱ ብዙ ሳይናገር ክርክሩን ወደ ጉዳዩ የሚመልስ፣ እነርሱም በቀላሉ የማይነዱት ሰው ነበር።

እኛ ስለ ኅብረት ስንናገር የምንጠቅሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ነው። ምሳሌው እውነት ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ብዛትና ስለ መስማማት ብቻ ነው። ድሩን ማን እንደሚፈትለው፣ ማን እንደሚገምደው፣ አንበሳው ከየት በኩል እንደሚመጣ ማን አስቀድሞ እንደሚያይ፣ ከታሰረም በኋላ ቋጠሮው መጥበቁን ማን ዞሮ እንደሚፈትሽ አይናገርም። የቤልቢን ጥናት የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

በእርግጥ የመጀመሪያው እርሱ አይደለም። በ1948 ኬነት ቤንና ፖል ሺትስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በስብሰባ ውስጥ ሰዎች የሚይዙትን ድርሻ በሦስት ከፍለው ጽፈው ነበር፤ ሥራውን የሚያራምድ፣ ኅብረቱን የሚጠብቅ፣ ሦስተኛውም የራሱን ፍላጎት ብቻ የሚያሟላ። ይህ ሦስተኛው ክፍል በየስብሰባችን ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አንባቢ ያውቀዋልና እናልፈዋለን።

ቤልቢን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ስምንት ድርሻዎችን ዘረዘረ፤ በኋላም ዘጠነኛ ጨመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ አፍላቂው ነው፤ ሌላው ያላሰበውን የሚያስብ፣ ብዙ ጊዜም ብቻውን መሆን የሚወድ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ «ተክል» ማለት ሲሆን የተጠራበትም ምክንያት ያስቃል፤ ተመራማሪዎቹ በየቡድኑ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ሆን ብለው «ይተክሉ» ነበርና። ሁለተኛው ወደ ውጭ የሚያይ አፈላላጊ ነው፤ ሰው ያውቃል፣ ይደውላል፣ ያለተገኘውን ያገኛል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሙቀት ሲበርድ እርሱም ይቀዘቅዛል። አስተባባሪው ለእያንዳንዱ የሚሆነውን ሥራ ያውቃል። ገፊው ደግሞ ዕረፍት የለውም፤ «መቼ ነው የምንጀምረው?» የሚለው እርሱ ነው፤ ያለ እርሱ ነገር አይነቃነቅም፤ ከእርሱ ጋር ደግሞ ሰው ይቀያየማል። መዛኙ ዝግ ያለ ነው፤ ሁሉም «ይሁን» ሲል «ቆዩ እስኪ» የሚል፣ ስለዚህም ብዙ የማይወደድ ሰው። አስማሚው በሁለት የተኳረፉ ሰዎች መካከል ውኃ ይዞ የሚገባ ነው። ተግባሪው የተወሰነውን ወደ መርሐ ግብር፣ ወደ ቀንና ወደ ሰዓት ይለውጠዋል። አጠናቃቂው ሌሊት ተነሥቶ «ያቺ ነገር ተደረገች?» ብሎ የሚጨነቅ ነው። ዘጠነኛው ባለ ልዩ ሙያው ሲሆን በኋላ የተጨመረበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሄንሊው ጨዋታ የተለየ ሙያ የሚጠይቅ ነገር ስላልነበረ ይህ ሰው ሊታይ አልቻለም፤ በእውነተኛው ሥራ ግን ያለ እርሱ አይሆንም።

ከዚህ ዝርዝር ይልቅ እኛን የሳበን ከእርሱ ጋር የተያያዘው አሳብ ነው። ቤልቢን ለእያንዳንዱ ድርሻ ሊታለፍ የሚገባው ድካም አለው ይላል። ብርታቱና ድካሙ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸውና አንዱን ነቅለህ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም። ሐሳብ አፍላቂው በሐሳቡ ተውጦ የስብሰባውን ሰዓት ቢረሳ ይታለፍለታል፤ «ሐሳቡ የእኔ ነውና ማንም አይንካው» ቢል ግን አይታለፍለትም። ገፊው ቢበሳጭና ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ይታለፍለታል፤ ከተቆጣ በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ነገሩን ማብረድ ካልቻለ ግን አይታለፍለትም። ወሰኑ የተቀመጠበትን ቦታ ልብ በሉ። ድካሙ የብርታቱ ዋጋ እስከ ሆነ ድረስ ባልንጀሮቹ ይሸከሙታል፤ የሌላውን ሥራ ማፍረስ ሲጀምር ግን ዋጋ መሆኑ ይቀራል። ብዙ ማኅበር የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የሚረሳውን ሰው ይገሥጻል፣ ይቅርታ የማይጠይቀውን ግን ስለ ትጋቱ ይታገሠዋል።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግራቸው ሹመትንና ድርሻን አንድ ማድረግ ነው። እድር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ገዳምም መጋቢና ገበዝ አለው። እነዚህ ሹመቶች ናቸው፤ አንድ ሰው ምን ሥራ እንደተሰጠው ይናገራሉ። ድርሻ ግን ሰውዬው ማንኛውንም ሥራ ሲሠራ የሚታይበት ጠባይ ነው። ሊቀ መንበር ተብሎ የተመረጠው ሰው በጠባዩ መዛኝ ሊሆን ይችላል፤ እንግዲያውስ ስብሰባውን ይመራል እንጂ አይገፋውም። ጸሐፊው እጅ ጽሕፈቱ አምሮ፣ ቋንቋውም ሰምሮ፣ በጠባዩ ግን አፈላላጊ ከሆነ ቃለ ጉባኤው ሳይጻፍ ይሰነብታል። በዚህ ሰውዬውን ሰነፍ ማለት ስሕተት ነው። ሹመቱ ከጠባዩ ጋር አልተገናኘም።

ለአብነት ያህል እንዲህ እንበል። ስድሳ ተሳላሚዎችን ይዞ ለመምጣት ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። አንዱ ርካሽ የአውሮፕላን ዋጋ አግኝቶ ያመጣል፤ ሌላው ማረፊያ ቤቱን በዘመድ ያስገኛል፤ አንዱ የጉዞውን መርሐ ግብር አሳምሮ ያወጣል፤ አንዱ ሁሉን ያጣድፋል። ስብሰባው የሞቀ ነው፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። በመነሻው ዕለት ግን በአውሮፕላን ማረፊያው አንዲት እናት የፓስፖርታቸው ጊዜ ሊያልቅ አንድ ወር የቀረው ሆኖ ይገኝና ይመለሳሉ። ለዚህ ጉዞ ስንት ዓመት ሳንቲም ሲያጠራቅሙ ኖረው ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ከሰባቱ ማንም አልበደላቸውም፤ የስድሳውን ሰው ፓስፖርት አንድ በአንድ ገልጦ የሚያይ ሰው ግን በመካከላቸው አልነበረም። ሁሉም «ሌላው አይቶታል» ብሎ ነበር። ሰባት ሰው ሞልቶ አጠናቃቂው ጎደለ ማለት ይህ ነው።

ይህን ኮሚቴ እንደገና ብናዋቅረው ምን እናደርጋለን? ዘጠኝ ሰው እንፈልጋለን ማለት አይደለም። ብዙዎች ትምህርቱን ሲሰሙ «ዘጠኝ ድርሻ ከሆነ ዘጠኝ ሰው ያስፈልጋል» ይላሉ፤ ይህ አይደለም። አንድ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ድርሻ በቀላሉ ይይዛል፤ ጥቂቱን ደግሞ ካስፈለገ ይችለዋል፤ የቀረው ግን ከጠባዩ ጋር ይጣላል። ስለዚህ አራት ወይም አምስት ሰዎች ሁሉን ሊሸፍኑ ይችላሉ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት በመካከላቸው ማንም የማይይዘው የትኛው እንደሆነ፣ ብዙዎችም የሚሻሙበት የትኛው እንደሆነ ነው። ጉድለት ብቻ ሳይሆን ትርፍም ያጠፋልና። ሦስት ገፊዎች በአንድ ኮሚቴ ቢገናኙ ሥራው ሦስት እጥፍ አይፈጥንም፤ ወደ ሦስት አቅጣጫ ይጎተታል እንጂ።

ጊዜውም መታየት አለበት። ሥራ ሲጀመር ግቡን የሚያጠሩ አስተባባሪና ገፊ ያስፈልጋሉ። መንገድ ሲፈለግ አፍላቂውና አፈላላጊው ይናገሩ። ከብዙ መንገድ አንዱ ሲመረጥ የመዛኙ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ገብቶ ሐሳብ ሁሉ ገና ሳይወለድ እንዳይገድል፣ ከዚያም በኋላ ዘግይቶ ቲኬት ከተገዛ ወዲህ «መጀመሪያውኑ አይሆንም ብዬ ነበር» እንዳይል። ቀጥሎ ተግባሪው፣ መጨረሻ ላይ አጠናቃቂው። ብዙ ጠብ የሚነሣው ሰዎቹ ክፉ ሆነው ሳይሆን ሁሉም በአንድ ሰዓት የየራሳቸውን ስለሚናገሩ ነው። ሰብሳቢው «ዛሬ ሐሳብ ብቻ እንሰበስባለን፣ የምንመዝነው በሚቀጥለው ሳምንት ነው» ብሎ ቢከፋፍለው ግማሹ ጠብ ይቀራል።

እዚህ ላይ ለእኛ ሕዝብ የተለየ ችግር አለ፤ መጽሐፉ የተጻፈው ለእንግሊዝ ኀላፊዎች ነውና አያነሣውም። በእኛ ዘንድ መዛኙ ወጣት፣ ሐሳቡን ያቀረቡት ደግሞ በዕድሜ ወይም በማዕርግ የላቁ ሰው ከሆኑ መዛኙ ዝም ይላል። «አባ፣ ይህ አያስኬድም» ማለት ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ መዛኝ ያለበት ኮሚቴ መዛኝ እንደሌለው ይሆናል። ይህን ለመፍታት ከውጭ መበደር አያስፈልገንም፤ በአገራችን በቀደመው የንጉሥ ችሎት ፍርድ ሲሰጥ አስተያየቱ የሚጀምረው ከዝቅተኛው ማዕርግ ነበር፤ እየተራ ወደ ላይ ይወጣና መጨረሻ ላይ ንጉሡ ይፈርዱ ነበር። ታናሹ የታላቁን ሐሳብ ሳይሰማ ይናገራልና አክብሮቱም አይጎድልም፣ እውነቱም አይቀርም። የሰበካ ጉባኤ ሰብሳቢ የሆኑ አባቶች ይህን ሥርዓት ለአንድ ወር ቢሞክሩት፣ ዝምተኛ የሚሏቸው ሰዎች ምን ያህል እንዳስተዋሉ ያያሉ።

ድርሻችንን በምን እናውቃለን? ቤልቢን ለዚህ መጠይቅ አዘጋጅቷል። ሰባት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ ክፍል ተጠያቂው ዐሥር ነጥብ ይሰጠውና በቀረቡለት ዐረፍተ ነገሮች ላይ እንደሚመስለው ያከፋፍላል። ጥሩ መነጋገሪያ ነው፤ ነገር ግን ሰዎች ከሚገባው በላይ ይተማመኑበታል። ነጥቡ ለሁሉም እኩል ሰባ ስለሆነ መጠይቁ የሚናገረው ሰውዬው ከራሱ ጠባዮች የትኛው እንደሚበልጥበት ብቻ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር አያመዛዝነውም። አንድ ገበሬ ከእህሉ ስንት እጁን ለዘር እንዳስቀመጠ ብታውቁ ጎተራው ምን ያህል እንደሆነ አላወቃችሁም። እንደዚሁ ሁለት ሰዎች በ«አጠናቃቂነት» እኩል ነጥብ ቢያገኙ እኩል ጠንቃቆች ናቸው ማለት አይደለም።

ከዚህም በላይ በ1993 ኤድሪያን ፈርንሃምና ሁለት ባልደረቦቹ መጠይቁን መርምረው አስተማማኝነቱ ደካማ መሆኑን ጽፈዋል፤ ቤልቢንም በዚያው ዓመት መልስ ሰጥቷል። ክርክሩ ከዚያ ወዲህም አልቆመም፤ ድርሻዎቹ የተሟሉለት ቡድን ሁልጊዜ ይበልጣል ወይ በሚለውም ላይ የተገኘው ማስረጃ የተደባለቀ ነው። ቤልቢን ራሱ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ብቻውን አይበቃም ብሎ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ምስክርነት እንዲታከልበት አድርጓል። እኛም የምናምነው ይህን ነው። ሰው በራሱ ላይ መስካሪ ሲሆን ሊሆን የሚመኘውን ይመሰክራል፤ አብሮት አንድ የጾም ወራት ድንኳን የተከለና ወጥ ቤት የሠራ ሰው ግን ያውቀዋል። መጠይቅ የሌላቸው ማኅበራት ሦስት ጥያቄ ይበቃቸዋል፤ ባለፈው ሥራችን ሐሳቡ ከማን መጣ? ሲጓተት ያስነሣው ማን ነው? ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ ቀርቶ ወንበሩን የቆጠረው ማን ነው?

ሆኖም አንድ ነገር ያሳስበናል። ድርሻ የተባለው ነገር በፍጥነት ቅጽል ስም ይሆናል። «እርሱ አፍላቂ ነው» ከተባለ በኋላ ሰውዬው ዕቃ ከመሸከም ነፃ የወጣ ይመስለዋል። «እርሷ አጠናቃቂ ናት» ከተባለ በኋላ የቀረ ሥራ ሁሉ በእርሷ ላይ ይከመራል። በብዙ ማኅበር እንዳየነው ደግሞ ይህች «እርሷ» በእውነት ሴት ናት፤ ዝርዝር መያዝና ሰው ማስታረቅ ለእኅቶች የሚሰጠው ጠባያቸው ተመርምሮ ሳይሆን ሴቶች ስለሆኑ ብቻ ነው። ከእነርሱ መካከል ያለችውም አስተባባሪ ወይም ገፊ፣ ሳትታይ ሻይ ስታፈላ ትኖራለች። ትምህርቱን በዚህ መልክ ከመጠቀም አለመጠቀም ይሻላል። እንዲሁም ማንንም ከአገልግሎት ለመከልከል ወይም ለመቅጠርና ለማሰናበት ብቸኛ መመዘኛ ማድረግ አይገባም፤ ከላይ የጠቀስነው የመጠይቁ ድካም ይህን ሸክም አይችልም።

ደግሞም የሚጎድለው ድርሻ ያለው ሰው ሁልጊዜ አይገኝም። በትንሽ ከተማ ሠላሳ ቤተሰብ ብቻ ባለበት አጥቢያ ከየት ይመጣል? ቤልቢን ለዚህ ያለው መልስ፣ ከአባላቱ አንዱ የሚወደውን ድርሻ ለጊዜው ትቶ የጎደለውን እንዲይዝ ነው፤ እርሱም መሥዋዕትነት ይለዋል። ነገር ግን ይህ በታወቀና በተወሰነ ጊዜ መሆን አለበት። ማፍለቅ የሚወድ ሰው ለሁለት ወር ዝርዝር ቢይዝ ይችላል፤ ለሦስት ዓመት ቢይዝ ዝርዝሩም ይበላሻል፣ ሰውዬውም ይመረራል። ስለዚህ የተኩትን ሰው «እስከ መቼ?» ብሎ ቀኑን መናገር፣ ቀኑም ሲደርስ ተራውን ለሌላ መስጠት ያስፈልጋል። ሌላው መንገድ አባል ያልሆነን ሰው ለአንድ ሥራ ብቻ መጥራት ነው፤ ፓስፖርት ለመመርመር ጡረታ የወጡ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ለሁለት ቅዳሜ ቢመጡ ይበቃል፤ ኮሚቴ ውስጥ መግባት አይጠበቅባቸውም።

የምርጫ ጊዜ የቀረበባችሁ ደግሞ አላችሁ። በምርጫ ዕለት እጅ የሚወጣለት የሚናገረው ሰው ነው። አፈላላጊውና ገፊው በሕዝብ ፊት ይታያሉ፤ መዛኙና አጠናቃቂው ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ስማቸው ሳይጠራ ምርጫው ያልፋል። ስለዚህም ብዙ የተመረጠ ጉባኤ አንድ ዓይነት ሰው በዝቶበት ሥራ ይጀምራል። አስመራጭ የሆናችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ የዕጩዎችን ስም ከመቀበላችሁ በፊት ከላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች በጉባኤው ፊት ብታነቡ፣ ሕዝቡም ለጥቂት ደቂቃ በዝምታ ቢያስብባቸው፣ ወንበር ስትቆጥር የነበረችው እኅት ስም ከአንድ ሰው አፍ መውጣቱ አይቀርም። ምርጫችሁ ካለፈም አትዘኑ፤ በመጀመሪያው ስብሰባ የሥራ ክፍፍሉን በሹመት ስም ከመጀመር ይልቅ እያንዳንዱ አባል በባለፈው ዓመት ደክሞት ሳይሰለቸው የሠራውን አንድ ሥራ እንዲናገር አድርጉ፤ ጸሐፊውም ይጻፈው። ማንም ያልጠቀሰው ሥራ ካለ ከወረቀቱ ግርጌ ላይ ይሰፍራል፤ የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳም ከዚያ ይጀምራል።